ሙያን ለተቸገረ ሲድሩ የኖሩት አቶ ለሜሳ ሾዴ (ከ1902 እስከ 1964 ዓ.ም.)

አቶ ለሜሳ ሾዴ ከአባታቸው ከአቶ ሾዴ ባጫና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውባለም ነገራ ጥር 21 ቀን 1902 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ግርጌ፣ ጉለሌ ውስጥ ተወለዱ። በተወለዱበት ሰዓት የደብሩ ደወል ተደውሏል፤ እልልታውም ከተራራው እስከ ወንዙ ተሰምቷል። ቀኑ የአስተርዮ ማርያም ክብረ በዓል ስለነበረ ነው የሚሉ አሉ። ቢሆንም ደወሉ መደወሉን የሚክድ የለም።

አባታቸው ከእንጦጦ የቤት መሥሪያ አጣና እያወረዱ የሚሸጡ ሰው ነበሩ። በዚህም ምክንያት አቶ ለሜሳ ጥርሳቸውን ሳይነቅሉ ከአናጢውም ከግንበኛውም ጋር ተዋወቁ። ኦሮምኛውን ከቤት፣ አማርኛውን ከሰፈር ያዙ፤ በሁለቱም ቋንቋ ድንጋይ ያሳምኑ ነበር። ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ከቄስ ትምህርት ቤት ገብተው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊትም ደገሙ። ዳዊቱን የጨረሱት በአርባ ቀን ነው። የኔታቸው በአርባ ወር ነው ብለዋል፤ አርባው ላይ ግን ክርክር የለም። ጠላት በአገራችን በነበረባቸው ዓመታት በአንድ ጋራዥ የማኪና ዕቃ አቀባይ ሆነው ሲሠሩ ጣሊያንኛን ጨመሩ። ስድቡን ብቻ ነው የሚያውቁት የሚሉ ምቀኞች አልጠፉም።

በ1934 ዓ.ም. በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ከወንበራቸው በስተቀኝ ባለው መደርደሪያ ሙያ እያላቸው ሥራ ያጡ ሰዎች ማመልከቻ ተከምሮ ነበር፤ ጡረታ የወጣው፣ የተሰናበተው፣ በግሉ ልሥራ ያለው ሁሉ። በስተግራው መደርደሪያ ደግሞ የእድሩ፣ የቄስ ትምህርት ቤቱ፣ የሙት ልጆች መጠጊያው አቤቱታ፤ ሒሳብ የሚይዝልን፣ ጣራ የሚያይልን፣ ቁስል የሚያጥብልን ሰው ፈልጉልን የሚል። ሁለቱ መደርደሪያዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይተዋወቁ ኖሩ። አቶ ለሜሳ ይህን ማየት ስላልቻሉ በ1941 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው ቀጨኔ ዳገት ላይ አንድ ክፍል ተከራዩ፤ ደጁ ላይ አግዳሚ አኖሩና ሙያ ማገናኘት ጀመሩ። በአገራችን የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛውን እስካሁን ያየ ሰው የለም። ለዕለት ጉርሳቸው ቤት ይደልሉ ነበር፤ ለበጎ አድራጎት ሲሆን ግን ቤሳ አልተቀበሉም።

አሠራራቸው የራሳቸው ነበር። ሙያን እንደ ሙሽራ ሽማግሌ ልከው ይድሩታል። የሳምንታት ሥራ ከሆነ ባለሙያውን ከማኅበሩ ጋር «በደሞዝ» ያጋቡታል። የዓመት ከሆነ «በሰማንያ»፣ በምስክርና በዋስ። ዕድሜውን ሙሉ ላገለግል ያለ ከተገኘ ደግሞ «በቁርባን» ብለው ይመዘግቡታል። መምሬ ወልዱ ይህን ሰምተው እየተቆጡ መጡ፤ «አንተ ለሜሳ! ቁርባን የደላላ ቃል የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?» አሏቸው። አቶ ለሜሳም መስቀል ተሳልመው «አባቴ፣ እንግዲያው እርስዎ ሽማግሌ ይሁኑኝና ቃሉን አብረን እናክብረው» አሉ። መምሬ ወልዱ በዚያው ቀን ከሦስቱ ቋሚ ሽማግሌዎቻቸው አንዱ ሆነው ወደ ቤታቸው ገቡ። ሁለቱ ሸማኔው አቶ ቶለሳና ባለሱቁ አቶ ሙዘይን ነበሩ። የተማረ ሰው ደብዳቤ ቢጻፍለት ይቀደዋል፤ ደጁ ላይ የቆመን ሽማግሌ ግን ማን ይቀዳል? ምስጢሩ ይኸው ነበር።

በዚህ መንገድ ያገናኟቸው ሰዎች ዐሥር ሺህ ይደርሳሉ። በመዝገባቸው የተገኙት አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ የቀሩት በቃል የተፈጸሙ መሆን አለባቸው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ማኅበር ገዢ ዳገቱን አይወጣልንም ብሎ ሲያመለክት፣ አቶ ለሜሳ ከወታደር ባንድ የተሰናበተ ጡሩንባ ነፊ ለሦስት ቅዳሜ በደሞዝ አጋቡለት። የመጀመሪያው ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ አንድ ማሰሮ እንኳ አልቀረም። ሕዝቡ ዳገቱን የወጣው ጦርነት መጣ ብሎ ነው ይባላል፤ ሲወርድ ግን እንስራ ተሸክሞ ነው።

በ1947 ዓ.ም. የሕይወታቸው ከባዱ ጉዳይ መጣ። ቀጨኔ ቁልቁለት ላይ ወይዘሮ ብርቅነሽ የተባሉ ደግ ሴት የሚያስተዳድሩት የሙት ልጆች መጠጊያ ነበር፤ ሠላሳ ሁለት ልጆች በአንድ ረጅም ክፍል ያድሩበታል። ከክፍሉ ጀርባ ያለው ገደል ባለፈው ክረምት ተሰንጥቆ አፈሩ መስኮት ደርሷል። ግንበኛው ሸፊ በግምት ያቆመው የድንጋይ ግንብም መስከረም ሳይጠባ ተንዷል። ድንጋይ ሞልቷል፣ ጉልበት አለ፤ የጠፋው ግንቡ ምን ያህል እንደሚወፍር፣ ውሃው በየት እንደሚወርድ ለክቶ የሚነድፍ ሰው ነው። ወይዘሮ ብርቅነሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው፣ «አቶ ለሜሳ፣ እስከ ሰኔ ሰው ካላገኙልኝ እነዚህን ልጆች በየማን ደጅ እንደምበትናቸው ይንገሩኝ» አሉ። አቶ ለሜሳም «ምን እስከ ሰኔ! እስከ ሰኞ ነው እንጂ» ብለው ቃል ሰጡ። ያች ሰኞ ስድስት ወር ፈጀች።

ሙያው ያለው በሰፈሩ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አቶ ጉልላት ከመንገድ ሥራ በጡረታ የወጡ ንድፍ አውጪ ሲሆኑ፣ በግላቸው ለሰው ቤት ይነድፋሉ። ሦስት ጊዜ ደብዳቤ ተጻፈላቸው፤ ሦስቱም ሳይከፈት ተመለሰ። እንግዳም አያስገቡም። ስለዚህ በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃቸው ላይ ቆሙ። «ግቡ፣ ቁጭ በሉ» ቢባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ፤ ወጉ ነውና። አቶ ቶለሳም እንደ ወጉ ዙሪያውን ዞረው፣ «ከቤትዎ ያለውን ውድ ነገር ሽተን ነው፤ የላከን ለሜሳ ሾዴ ነው» ከማለታቸው አቶ ጉልላት እንባቸው መጣ። «ስንት ዓመት ይህን በር ያየሁት እናንተን ስጠብቅ ነው! ሰጥቻለሁ! ቁጭ በሉ!» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እንዲህ የቀለለ ባለሙያ ገጥሟቸው አያውቅም። ምግብ ቀረበ፣ ተበላ፣ ተመረቀ።

«ከሰኔ ጾም በፊት ይሁን» አሉ አቶ ጉልላት።

«እኛም ከክረምት በፊት ነው የምንለው» አሉ አቶ ቶለሳ።

«ቤትስ አለው?»

«ቤቱስ አለ። ጀርባው እየተናደ ነው እንጂ።»

«ግድ የለም፣ ተጋግዘው ያቆሙታል። ልጆችስ አሉ?»

አቶ ሙዘይን ደረታቸውን ነፍተው «ሠላሳ ሁለት!» አሉ።

የአቶ ጉልላት ብርጭቆ ከእጃቸው ወደቀ። መምሬ ወልዱ ነገሩ የገባቸው ያኔ ነው። ሰውዬው የሰጡት ንድፋቸውን ሳይሆን አንድያ ልጃቸውን፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመቷን ወይዘሪት አፀደን ነበር። «ልጆቹ የማኅበር ናቸው፣ የእሱ አይደሉም» ብለው አባትየውን አረጋጉና ባልንጀሮቻቸውን እየጎተቱ ወጡ። አቶ ቶለሳ አግዳሚው ዘንድ እንደደረሱ «ለሜሳ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ንድፍ አውጪ ፈልጉ ብለህ ልከኸን ሚስት ይዘንልህ መጣን» አሉ።

አቶ ለሜሳ በዚያ ጊዜ የአርባ አምስት ዓመት ሰው ነበሩ። ሰውን ሁሉ ሲያገናኙ ራሳቸውን ረስተው «የቀጨኔ ወንደላጤ» እየተባሉ ይቀለድባቸዋል። በቄስ ፊት ሰጥቻለሁ የተባለች ልጅ በስሕተት ነው ቢባል ቤቱ ይዋረዳል፣ በሩም ለዘላለም ይዘጋል፤ ልጆቹ ያለ ግንብ ክረምት ይገባሉ። ዝም ቢሉ ደግሞ አንዲት ሴት ባልተላከላት ሽማግሌ ልትዳር ነው። ያን ቀን ምሳ አልበሉም፤ ይህ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በአቶ ለሜሳ ላይ ታይቶ አያውቅም።

በማግሥቱ ብቻቸውን ሄደው በሩን አንኳኩ፤ ወይዘሪት አፀደ ከፈቱ። አቶ ለሜሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ወይዘሪት፣ ሽማግሌዎቹን የላክኋቸው ለአባትዎ እርሳስ ነበር፤ እርስዎን ለመጠየቅ አልነበረም። ጥፋቱ የኔ ነው። በሩን ቢዘጉብኝ አይፈረድብዎትም፤ በልጆቹ ላይ ግን አይዝጉባቸው» አሉ።

ወይዘሪት አፀደ በቀለም የጠቆረ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና «ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ» አሉ። «አባቴ መስመር ማየት ካቆሙ ሦስት ዓመታቸው ነው። እርሳሱ የኔ ነው። እንግዳ የማናስገባው ይህ እንዳይታወቅባቸው ነው። ሽማግሌዎችዎስ የሚፈለገው ሰው ቤት ነው የመጡት።»

አቶ ለሜሳ ድምፃቸውን ቀንሰው በሦስቱም ቋንቋ ይቅርታ ጠየቁ።

«ግንቡን እነድፋለሁ» አሉ ወይዘሪት አፀደ። «እሱን በደሞዝ ይመዝግቡኝ። የሌላውን ነገር ግንቡ ክረምቱን ሲሻገር እናወራዋለን። ከወደቀ ግን ንድፍ አውጪም ሚስትም የለዎትም።»

ሥራው ግንቦት መባቻ ተጀመረ። አቶ ጉልላት በወንበር ተቀምጠው ንድፉን ጉልበታቸው ላይ ይዘረጋሉ፤ አንዳንድ ቀን ተገልብጦ። ወይዘሪት አፀደ ገመድ ይወጥራሉ፣ መሠረት ያስቆፍራሉ። ግንበኛው ሸፊ «እመቤቴ፣ ግንብ የሚያቆመው ክንድ ነው፤ እርሳስ መች ድንጋይ ይሸከማል?» ቢላቸው፣ «እውነትህን ነው፣ ያምናው ክንድህ የት ነው ያለው?» አሉት። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ ሸፊም ከዚያ በኋላ መሠረቱን ሁለት ክንድ ጨምር ሲባል ሦስት ይቆፍር ጀመር። ሰኔ 20 ቀን ግንቡ አለቀ፤ ከሥሩም ውሃ መውረጃ ቦይ ተሠራለት።

ነሐሴ 10 ቀን በምሳ ሰዓት ያ ዝናብ መጣ። ከኖኅ ወዲህ እንዲህ ያለ አልዘነበም። ሠላሳ ሁለቱም ልጆች ትሪ ከበው ሳለ ገደሉ ተንዶ እንደ ነጎድጓድ ወረደ፤ ወደ ውጭ የሚሮጡበት ጊዜ አልነበረም። አቶ ለሜሳ እዚያው ነበሩ፤ ልጆቹን ወደ በሩ ሰብስበው እሳቸው ከኋላ፣ በገደሉ በኩል ቆሙ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ግንቡን በጀርባቸው ደግፈው አዳኑት። ወይዘሮ አፀደ በበኩላቸው በንድፋቸው ውስጥ የማንም ጀርባ እንዳልነበረበት ይናገራሉ። የሆነው ሆኖ ግንቡ ንቅንቅ አላለም፤ ጭቃው በቦዩ ተንፏቆ ወንዝ ገባ፤ ከልጆቹ የአንዱም ጸጉር አልረጠበም።

ጥር 14 ቀን 1948 ዓ.ም. አቶ ለሜሳና ወይዘሮ አፀደ በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም በቁርባን ተጋቡ። በሠርጉ ላይ የታደመው ሕዝብ ጉለሌን ሞልቶ ፈሷል። ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ወይዘሮ አፀደ ከባለቤታቸው ጋር እየሠሩ ለዐሥራ አንድ ማኅበራት ያለ ክፍያ ነድፈዋል፤ ከዐሥራ አንዱ አንዱም አልተናደም። አቶ ለሜሳ ሜዳይ አልተሸለሙም። ሸላሚዎቹን የቀጨኔ ዳገት አድክሟቸው እንደሆነ ይገመታል።

በዚህ ዓመት በመጋቢት ወር በልብ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ተኝተው ዝም አላሉም፤ ከጎናቸው የተኛውን ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ ለእድራችን በሰማንያ አጋቡት። ሰውዬው ድኖ ሥራ ጀምሯል፤ ዛሬም የለቀስተኛውን ስም የሚመዘግበው እሱ ነው። አቶ ለሜሳ ግን ሕክምና ሲደረግላቸው ቆይቶ ግንቦት 5 ቀን 1964 ዓ.ም. ንጋት ላይ በተወለዱ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ አፀደ ጉልላትን፣ ልጆቻቸውን ነገራን፣ ዓለምነሽንና ጉልላትን፣ እንዲሁም ሠላሳ ሁለቱን የመጠጊያውን ልጆች ትተው አልፈዋል። ሠላሳ ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ነርስ፣ ሾፌር፣ መምህር፣ ነጋዴ ሆነዋል። ትናንት ከያሉበት ተጠራርተው ቃሬዛውን የምንሸከመው እኛ ነን ብለው እድሩን ጠየቁ። የእድራችን ዳኛ አቶ ብርሃኔ «ልጆቼ፣ ልማዱ ስምንት ሰው ነው። ሠላሳ ሁለት ሰው በአንድ ቃሬዛ ሥር እንዴት ብሎ ይገባል?» ቢሏቸው፣ ከመካከላቸው ፈድሉ የተባለው ሾፌር «ጋሼ፣ በአንድ ሰው ጀርባ ሥር ገብተን እናውቃለን» ሲል መለሰ። ዳኛውም ስምንቱን ሰርዘው ሠላሳ ሁለት ብለው ጻፉ።

ስለዚህ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን የሚሸከሟቸው እነሱ ናቸው፤ ለቀስተኛው ለሠላሳ ሁለት ሰው የሚበቃ መንገድ እንዲለቅላቸው በትሕትና እንጠይቃለን። አምላክ ለነፍሳቸው በቅዱሳኑ መካከል ስፍራ ይስጥልን፤ ወይዘሮ አፀደንም ያጽናልን። አሜን።