የአሮጌውን ዳኮታ ጅራት የሰፉት ወይዘሮ ይታይሽ ፈረደ

ወይዘሮ ይታይሽ ፈረደ ከአባታቸው ከአቶ ፈረደ ሰጠኝና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጥሩዬ አየልኝ፣ በጎንደር ክፍለ ሀገር በወገራ አውራጃ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእሳቸው ቀጥሎ የተወለዱት በሕፃንነታቸው ሲያርፉ፣ የመጨረሻው ልጅ ባየህ ብቻ አደገ። እናታቸው ባየህ ጡት ሳይጥል ስላረፉ፣ አዝለውም አጉርሰውም ያሳደጉት ወይዘሮ ይታይሽ ናቸው።

በመንደራቸው ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ ጎንደር ከተማ አክስታቸው ዘንድ ተቀምጠው በእግር በሚረገጥ መኪና ልብስ መስፋት ለመዱ። ባየህ ከመኪናው ሥር ተቀምጦ በቁርጥራጭ ጨርቅ ይጫወት እንደነበር ደጋግመው ያወሩን ነበር።

በ1984 ከአባታቸውና ከወንድማቸው ጋር በእግር ወደ ሱዳን ተጓዙ። አባታቸው በመጠለያው ታመው አረፉ። ከማረፋቸው በፊት የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «የባየህን እጅ እንዳትለቂ» አሉ።

የመሄጃው ቀን ሲደርስ ሕዝቡ በጭነት መኪና ወደ በረሃ ተወሰደ። በዚያ ባለ ውልብልቢት ትልቅ አውሮፕላን አርፎ ነበር። ሞተሮቹ አልጠፉም፤ አቧራው ዐይን አያስገልጥም፣ ድምፁ ጆሮ ይደፍናል። ወይዘሮ ይታይሽ የወንድማቸውን እጅ ጨብጠው ገቡ። ውስጡም ጨለማ ስለነበር እየዳበሱ መሬት ላይ ተቀመጡ። መንገዱን ሁሉ ያንን እጅ አልለቀቁም። እስራኤል አርፈው በሩ ሲከፈትና ብርሃን ሲገባ ዘወር ብለው ቢያዩ፣ የያዙት የሌላ ልጅ እጅ ነበር።

«አንተ ማነህ?» አሉት።

«ያረጋል።»

«ወንድሜስ የታል?»

«እኔ እንጃ። መኪናው ላይ ሳለን ጀምሮ የያዝሽኝ አንቺ ነሽ» አላቸው።

ያ ልጅ እኔ ነኝ፤ ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፍኩት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሰው ሁሉ ስለ ባየህ ጠየቁ። ሞቷል ያለ የለም፤ አየሁት ያለም አልተገኘም። እኔንም ፈልጎ የመጣ ዘመድ አልነበረም። በመርከዝ ቅሊጣ፣ አዲስ ገቢዎች በሚያርፉበት መቀበያ፣ ስንመዘገብ «የማን ልጅ ነው?» ብለው ሲጠይቋቸው «የእኔ ነው» ብለው መለሱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እታለም እያልኩ በቤታቸው አደግሁ።

በ1988 ከአቶ አዳሙ ጋር ትዳር መሠረቱ። አቶ አዳሙ በነሸር ከተማ በግንባታ ሥራ ሲደክሙ፣ እሳቸው በሐይፋ ባሕረ ሰላጤ በኩል ባለ የድንኳንና የሸራ ፋብሪካ በስፌት ሠራተኛነት ሠሩ። በሐይፋ በኔቬ ዮሴፍ ሰፈር ቤት ይዘው ሊታልንና ኢታይን ወለዱ። በቤቱ ሳቅ ነበር፣ እንግዳም አይጠፋም ነበር። ሆኖም ማዕድ ሲቀርብ አንድ ሳህን ይተርፍ ነበር። ለማን እንደሆነ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ፋብሪካው በ2003 ሲዘጋ፣ ከክርያት ሐይም ሰፈር ብዙም በማይርቅ ሀንጋር፣ በአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ፣ ጡረተኞች ተሰብስበው አንድ አሮጌ ዳኮታ እንደሚጠግኑና ወፍራም ጨርቅ የሚሰፋ ሰው እንደቸገራቸው ሰሙ። ዳኮታ ሁለት ሞተር ያለው የድሮ ማመላለሻ አውሮፕላን ነው። አካሉ ቆርቆሮ ቢሆንም፣ በጅራቱ ላይ ያሉት የሚንቀሳቀሱ ክፍሎች ጨርቅ ለብሰው በሰም በተነከረ ክር ይሰፋሉ። ከዚያ ሽታው የከረረ ቅባት ይቀባል፤ ቅባቱ ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ከበሮ ይወጥረዋል። ወይዘሮ ይታይሽ ይህን ከጡረተኛው አብራሪ ከአቶ ዜቭ ተምረው ሥራውን ያዙ። እኔም የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆንኩ በእረፍት ቀኔ አደርሳቸው ነበር።

መሬት ላይ ሲቆም ዳኮታ ጅራቱ ዝቅ፣ አፍንጫው ቀና ያለ ነው፤ ወለሉ እንደ ዳገት ነው። እሳቸው ከውጭ ጅራቱን ሲሰፉ ከውስጥ የሕፃን እግር ይሰሙ ጀመር። እግሩ ከላይ እየሮጠ ወደ ጅራቱ ይወርዳል። ሲወጣ ግን ተሰምቶ አያውቅም። አቶ ዜቭ «ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ይንቋቋል» ይሏቸው ነበር። አንድ ቀን እኔም ሰማሁ። ቀኑ ደመና ነበር።

በ2006 ክረምት ጦርነት ተነሥቶ ሮኬት በሐይፋ ላይ ሲወድቅ ሀንጋሩ ተዘጋ። ወይዘሮ ይታይሽ የጅራቱን ጨርቅ ቀብተው በጨረሱ ማግስት ነበር። ሲከፈት እኔና አቶ ዜቭ አብረናቸው ገባን። ቅባቱ ደርቆ ጨርቁ ተወጥሯል። በመካከሉ የትንሽ ልጅ መዳፍ ከነጣቶቹ ወደ ውጭ ጎልቶ ወጥቷል። የተጫነው ከውስጥ ነበር፤ ውስጡ ደግሞ ዙሪያውን የተሰፋ ነው፣ ድመት እንኳ አያስገባም። አቶ ዜቭ ስፌቱን ዙሪያውን በጣታቸው ፈተሹ። ወይዘሮ ይታይሽ መዳፋቸውን በላዩ አሳርፈው ቆዩ።

አውሮፕላኑ በ2007 ጸደይ ለሙከራ ተነሣ። አቶ ዜቭ ሲወርዱ ፊታቸው አመድ መስሎ ነበር።

«ከኋላ ማንን ጭናችሁብኝ ነው?» አሉ።

ማንም አልነበረም። ጅራቱ ሰው እንደተሳፈረበት ከብዶ አፍንጫው ሽቅብ እያለ አስቸግሯቸዋል። መሬት ላይ በሚዛን ሲለካ ትክክል ነው። ሁለተኛ ቢበር ያው ሆነ። ተቆጣጣሪዎቹ ይህ ካልተስተካከለ ፈቃድ እንደማይሰጡ ተናገሩ። ፈቃድ ካጣ ደግሞ ተቆራርጦ ለብረት ይሸጣል። አቶ ዜቭ ጨርቁ ቢጣመም ነው ብለው ቀደው ሊያስነሡት ቢላ ያዙ።

ወይዘሮ ይታይሽ ከፊታቸው ቆሙ። ሲቆጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ከመቅደድዎ በፊት እኔን ይዘውኝ ይብረሩ» አሏቸው።

«ለምን? ምን ልትሠሪ?»

«ለእኔ ይተዉት።»

አቶ ዜቭ ብዙ ካመነቱ በኋላ «ቤሰደር፣ እሺ» አሉ። እኔም ብቻቸውን አልሰድም ብዬ ተሳፈርኩ። ባሕሩ ላይ ስንደርስ አፍንጫው መነሣት ጀመረ። ሁላችንም ከፊት ነበርን። አቶ ዜቭ መሪውን በሁለት እጃቸው እየገፉ፣ «ያለው ከኋላ ነው! ወደ ፊት አምጪው!» ብለው ጮኹ። ማንን እንዳሉ በኋላ ብጠይቃቸው፣ እንዲህ ማለታቸውን አላስታወሱም።

ወይዘሮ ይታይሽ ተነሥተው እየተደገፉ እስከ ጅራቱ ሄዱ። በመጨረሻው ወንበር አጠገብ በርከክ አሉ። በሞተሩ ድምፅ ምክንያት የተናገሩትን አልሰማሁም፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ። ቆይተው ቀኝ እጃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጅ እንደሚመራ ሰው ቀስ እያሉ ወደ እኛ መጡ። በየእርምጃቸው አፍንጫው ዝቅ አለ። ከጎኔ ሲደርሱ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ይበር ነበር። አቶ ዜቭ መሪውን በሁለት ጣት ይዘው ያለቅሱ ነበር።

እታለም ተቀመጡ። እጃቸውን አላጠፉም። ቀዝቃዛ የልጅ ትንፋሽ ጉልበቴን ሲነካኝ ተሰማኝ፤ ከዚያ በቀር ያየሁት ነገር የለም።

ካረፍን በኋላ በሩ ተከፈተ። ወይዘሮ ይታይሽ ከደረጃው አፍ ቆመው፣ ማንንም ሳያስቀድሙ እጃቸውን ፈቱና «ውረድ ባየህ፤ ደርሰናል» አሉ። ጥቂት ጠብቀው እሳቸውም ወረዱ። አውሮፕላኑ ከዚያ ወዲያ ከብዶ አያውቅም። ፈቃዱንም አገኘ።

ወይዘሮ ይታይሽ ከዚያ በኋላ ደስተኛ ሰው ሆኑ ማለት አይቻልም፤ ዕረፍት ያገኙ ሰው ግን ሆኑ። እንቅልፋቸው ተመለሰ። ከአቶ አዳሙ ጋር ባሕር ዳር መሄድ፣ ከሊታል ጋር በዕብራይስጥ መቀለድ ጀመሩ። ኢታይ ወታደር ሲሆን የደንብ ልብሱን ራሳቸው አጥብበው አለበሱት።

በ2008 መጨረሻ የጉበት ሕመም አደረባቸው። በሐይፋ በሐኪሞች ሲረዱ ቆይተው፣ ተስፋው ሲያልቅ ቤታቸው መሆንን መረጡ። ሕመሙን ሳያማርሩ ቻሉ። በመጨረሻዋ ጧት ሊታልን «መስኮቱን ክፈችው፤ የመጡት ቤቱ እንዳይታፈናቸው» አሏት። በቤቱ ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ሊታል ከፈተችው። ወይዘሮ ይታይሽ ወደ መስኮቱ ቀና ብለው፣ ለእናት እንደሚሰጥ ሰላምታ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 2009 በተወለዱ በአርባ ሦስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ባለቤታቸውን አቶ አዳሙን፣ ልጆቻቸውን ሊታልንና ኢታይን፣ ያሳደጉትን እኔን ያረጋልን፣ ባለቤቴን አስካለችን፣ እቅፋቸው የለመደችውን ልጄን ሪታልን ትተውልን ሄደዋል። በሐዘናችን ሳትለዩን በኔቬ ዮሴፍ ደጃፋችን ለተቀመጣችሁ ሁሉ፣ ለሸመገሉት የሀንጋር ባልደረቦቻቸውም፣ ቤተሰቡ ከልብ ያመሰግናል።

የአባቶቻችን አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር በሰላም ያኑርልን፤ የቀረነውንም እሳቸው ባሳዩን ፍቅር ያጽናናን። አሜን።