ከ«በቃ» በኋላ አንድ ክንድ

ውድ ታናሼ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን ያንን መብት አጥቻለሁ። ከሞትክ ዐሥራ አንድ ወር ሞላህ፤ የሞትከውም መሪውን በያዘው በእኔ እጅ ነው። ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ለመጻፍ ግን ዐሥራ አንድ ወር ፈጅቶብኛል።

ብዕር ያስነሳኝ የባለቤትህ ነገር ነው። ባለፈው ማክሰኞ ለመኪናችን መጋረጃ ከቆረጠችው ጨርቅ የተረፈውን ልመልስላት ስፌት ቤቷ ሄድኩ። መቀሱን ከእጇ ሳታወጣ፣ «ወንድም ጋሼ፣ ለእርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? አንዳንድ ቀን እረግመዋለሁ» አለችኝ። «አንዲት ቃል እኮ ናት! ‹በቃ› ማለት ምን ያቅታል? ቤት ውስጥ ሲለፈልፍ የሚውል ሰውዬ፣ አንዲት ቃል ማውጣት ሰንፎ ጥሎኝ ሄደ።»

ጨርቁን አራት ማዕዘኑን አስተካክዬ አጥፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።

አንተ ግን ብለህ ነበር። እኔም ሰምቼ ነበር። ይህን ከእኔና ከአንተ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንተ ደግሞ አትናገርም።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነውና ከመኪናው ልጀምር። ከጨረታ ስናወጣው መንገድ የሚቀይሱ ሰዎች ሲያንገላቱት የኖሩት፣ ናፍጣ የሚጠጣ፣ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል አሮጌ ቫን ነበር። አንተ ዙሪያውን ዞረህ ጎኑን በመዳፍህ መታ መታ አደረግክና «ይኼ መኪና አልሞተም፤ ተቀይሞ ነው» አልክ። እኔ ደግሞ ሥሩ ገብቼ የሻንሲውን ዝገት በምስማር ቆረቆርኩ። ሁለታችንም ያሰብነው ስለዚያ ሐይቅ ነበር። አባታችን በወጣትነቱ አይቶት ሲያወራልን የኖረው፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ሁለት ቀን የሚያስኬደው ሐይቅ። ጀልባውን አንተ ከላሜራ በይደህ ጨርሰሃል። የቀረን ጀልባውን በተሳቢ ጭኖ፣ እኛንም በሆዱ አስተኝቶ፣ ወንዝ አቋርጦ የሚያደርስ መኪና ነበር።

የእኔን ሥራ ታውቃለህ። ሠላሳ ዓመት የሌላውን ሰው ሚዛን ስመረምር የኖርኩ ነኝ። የሥጋ ቤቱን፣ የወርቅ ቤቱን፣ የጭነት መኪናውን። ያበለውን አሽጌ እሄዳለሁ። ያንን አመሌን ይዤ ነው መኪናው ላይ የወጣሁት። ባሌስትራው ላይ አንድ ቅጠል ጨምረን ከፍ አደረግነው፤ ከፍታው በግራ በኩል አምስት ሚሊ ዝቅ ብሏል ብዬ አስፈታሁህ። ወንዝ ውስጥ ሞተሩ ውሃ እንዳይስብ የአየር ቧንቧውን እስከ ጣሪያ አወጣህልኝ፤ ማጠፊያው ጠቧል ብዬ አስቀየርኩህ። የመጎተቻውን ብረትማ ሦስት ጊዜ በግራይንደር አስነስቼ ሦስት ጊዜ አስበየድኩህ።

«ጋሼ፣ መኪና እየሠራን ነው ወይስ ሙሽራ እየዳርን?» አልክ በሦስተኛው።

«ይኼ ብየዳ ሁለት ቶን ቁልቁለት ላይ ሊይዝ ነው።»

«የመጀመሪያውም ይይዝ ነበር። በቃ እኮ!»

«አይበቃም።»

ጋራዡ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ሽማግሌው መካኒክ ከዚያ ወዲህ ገና ከበር ሲያየኝ «ጋሽ አይበቃም መጡ! የሠራችሁትን ደብቁ!» ይላል። ስሙን ያወጣኸው አንተ መሆንህን የሰማሁት ከቀብርህ በኋላ ነው።

የተሳቢውን ሚዛን ያስተካከልንበትን ቀን አስታውስ። አፍንጫው፣ ማለት ከፊቱ የሚወጣው መያያዣ ጫፍ፣ የመኪናው መንጠቆ ላይ የሚጥለው ክብደት ከጠቅላላው ከዐሥር አንድ እጅ መሆን አለበት፤ ከቀለለ ተሳቢው ፍጥነት ላይ እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል፣ መኪናውንም ይዞት ይሄዳል። ከመሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ያላቸውን የብረት ክብደቶች አመጣሁ። አልበቁም። አንተ አፍንጫው ላይ ተፈናጠህ «እኔን ደምረኝ፤ ሰባ ኪሎ ነኝ» አልክ። «ሰባ አንድ ነህ» አልኩህ። ከሳቅህ የተነሳ ወድቀህ ክርንህ ተላጠ። አንተ የምትለካው በክንድህ ስለነበር ያን ቀን ክንድህን በሜትር ለካሁት፦ አርባ ስድስት ሴንቲሜትር። «አሁን የእኔም ክንድ ማኅተም አለው!» ብለህ ለመካኒኩ ስታሳይ ዋልክ።

የእኛ ጥፋት የተቀመጠው እዚያች ክንድ ውስጥ ነው።

ወደ ኋላ በምነዳበት ጊዜ የምትመራኝ አንተ ነበርክ። የመኪናውን ላሜራ ሁለት ጊዜ በመዳፍህ ትመታና «ና… ና… ና…» ትላለህ። ከዚያ «በቃ!»። ያንተ «በቃ» ግን ሁልጊዜ አንድ ክንድ ቀድሞ ይመጣል። ወርጄ ሳየው አንድ ክንድ ቀርቷል። በጊዜ ብዛት ነገሩን ተለማመድኩት፤ «በቃ» ስትል እሰማለሁ፣ በልቤ አንድ ክንድ ቆጥሬ እጨምራለሁ፣ ከዚያ ፍሬን እይዛለሁ። የተበላሸ ሚዛን ላይ ሁልጊዜ ያችኑ የጎደለችውን እየደመሩ እንደመነገድ ማለት ነው። በሥራዬ ቢሆን አሽገው ነበር።

ያ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ነበር። ተሳቢው ጀልባውን ጭኖ በእኔ ግቢ የጎኑን ግንብ ተደግፎ ቆሟል፤ ንቅንቅ እንዳይል ጎማዎቹን በድንጋይ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። መሪው ጋ ሳልወጣ ጠራሁህ።

«ስማ፤ ተሳቢ ከመኪና ጋር የሚገናኘው በግምት አይደለም። ያንተ ‹በቃ› ሁልጊዜ አንድ ክንድ ያጎድላል። እንደ ፈሪ ሰው አታስቁመኝ።»

«ፈሪ ለእናቱ ነው ጋሼ።»

«እናትህ የለችም። በትክክል በል።»

ሳቅህ ቆመ። «እሺ ጋሼ። ዛሬ በቃ ካልኩ በቃ ነው።»

ቃልህን ጠበቅህ። በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እኔ ስላዘዝኩህ፣ «በቃ» ያልከው ልክ በቦታው ነው። ብለህም በመኪናውና በተሳቢው መካከል ገብተህ ጎንበስ አልክ፤ የተሳቢውን አፍንጫ በእጅህ ልታነሳ። ለምን አትጎነብስ? ሚዛኑ ተስተካክሏል፤ ያስተካከለው ታላቅ ወንድምህ ነው።

ያልተስተካከልኩት እኔ ነበርኩ። ያዘዝኩህን ከአፌ ወዲያ ረሳሁት። «በቃ!» አልክ፤ በናፍጣው ጩኸት ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። እግሬ ግን እንደ ልማዱ ቆጠረ። አንድ ክንድ።

ስለዚያ ሌላ አልጽፍም።

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ምን እንደሆንክ ስትጠይቅ የመለስከው አንተ ነህ። «እኔ ነኝ። በቃ ማለት ረሳሁ።» ይህን ስትል የምታየው እሷን አልነበረም፤ እኔን ነበር። ሁለት ሰዓት ኖርክ፤ ከዚያ ሌላ ቃል አላወጣህም። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ «ወደ ኋላ ይመራ የነበረው ሰው የማቆሚያ ምልክት ባለመስጠቱ» ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያላረጋገጥኩትን ቁጥር ፈርሜ የማላውቅ ሰው ውሸት መሆኑን በማውቀው ላይ ፈረምኩ።

ተናድጄብሃለሁ። ይህንንም ስማ። ማን ለመነህ? ደረትህ ውስጥ የቀረችውን ትንሽ አየር ለእኔ ውሸት ታወጣታለህ? እውነቱን ብትናገር ኖሮ እታሰር ነበር፤ ታስሬም እወጣ ነበር። አንተ ግን አሽገህብኝ ሄድክ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የኋላ ማርሽ ማስገባት አልቻልኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ሞክሬ ነበር፤ ማርሹ ገና እንደገባ መዳፍ ላሜራውን ሁለት ጊዜ መታው። «ና… ና… ና…»። ወርጄ አየሁ። ማንም የለም። ሌላ ቀን በሌላ ሰው መኪና፣ የመሥሪያ ቤታችን ግቢ ውስጥ፣ ያው መዳፍ፣ ያው «ና»። «በቃ» ግን አይመጣም። እናታችን «የጠራህን ሳታይ አቤት አትበል» ትለን አልነበር? አንተ ስሜን እንኳ አትጠራም። «ና» ብቻ ነው የምትለኝ።

ስለዚህ ወደ ፊት ብቻ የሚነዳ ሰው ሆንኩ። መውጫ የሌለው መንገድ አልገባም። የምቆመው ዞሬ መውጣት የምችልበት ቦታ ብቻ ነው። የግቢዬን የጀርባ ግንብ አስፈርሼ ሁለተኛ በር አወጣሁ፤ በአንዱ ገብቼ በሌላው እወጣለሁ። ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ግቢዎን አውራ ጎዳና አደረጉት እኮ! እኛም እንለፍበት እንዴ?» ብሎ ቀለደ። አልሳቅኩም። በነዚህ ወራት መኪናውን ጨርሼዋለሁ፦ አልጋው፣ ሁለተኛው ባትሪ፣ የውሃው በርሜል፣ መጋረጃው። ብየዳህን በአጉሊ መነጽር አየሁት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ የለውም። የመጀመሪያውም ይይዝ ነበር።

ትናንት ባለቤትህ ጋ ሄድኩ። የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣለች።

«ይግቡ ወንድም ጋሼ፤ ይቀመጡ።»

አልተቀመጥኩም። «ብሏል» አልኳት።

«ማን? ምን?»

«እሱ። በቃ ብሏል። ሰምቼ ነው የጨመርኩት።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅዳሜ ጠዋት ያልኩህን፣ የመለስክልኝን፣ የፈረምኩትን። ፊቴን አላየችም፤ አፌን ነበር የምታየው።

«እሱ ራሱ አይደል እንዴ አላልኩም ያለው?»

«ለእኔ ብሎ ነው።»

«ጮክ ብሎ ነው ‹በቃ› ያለው?»

«ጮክ ብሎ።»

«እሰይ!» አለች። በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «እሰይ የኔ ጌታ! ብለሃላ! ብለሃላ!» ያን ጊዜ እኔ እዚያ ቤት ውስጥ አልነበርኩም፤ የምታወራው ከአንተ ጋር ነው። ዐሥራ አንድ ወር የረገመችህን ስታነሳልህ ቆሜ ሰማሁ።

ኋላ ቀና አለችና አየችኝ።

«ስንት ነው የጨመርከው?»

ሃያ ሁለት ዓመት «እርስዎ» ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። አንተ ቤት ገብታ፣ ጋሼ ብላ፣ እጅ ነስታ። «አንተ» መባል ያን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም ነበር።

«አንድ ክንድ» አልኩ። «የእሱን ክንድ። አርባ ስድስት ሴንቲሜትር።»

ከአንገቷ ላይ ሜትሯን አወረደችና ጫፉን ዘረጋችልኝ። «ያዝና አሳየኝ።»

ያዝኩ። እሷ ወዲያኛው ላይ በአውራ ጣቷ አርባ ስድስትን ያዘች። በመካከላችን ተወጥሮ ቆየ። ደጋግማ አየችው፤ ከእኔ ጣት እስከ እሷ ጣት፣ ከእሷ ጣት እስከ እኔ ጣት።

«ይህቺ ናት?»

«ይህቺ ናት።»

«ይህቺማ ለአንድ እጅጌ እንኳ አትበቃም» አለች። ከዚያ ሜትሩን ቀስ ብላ ጠቀለለችው። «ሂድ። እስክጠራህ እንዳትመጣ።»

ከእሷ ወጥቼ ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ፖሊሱ «ጌታዬ፣ ይኼ የተዘጋ ፋይል ነው፤ ምን አስነካዎት?» አለኝ። «እኔ ነኝ የዘጋሁት፤ ክፈተው» አልኩት። ሳቀብኝ። በሁለት ገጽ ጽፌ፣ እያንዳንዱን ገጽ ፈርሜ፣ ገቢ መሆኑን ማኅተም አስመትቼ ወጣሁ። የሚጠይቀኝ ካለ አድራሻዬ ያው ነው።

ዛሬ ጠዋት መኪናውን አስነሳሁት። ግቢው መካከል አዞርኩትና ጀርባውን ለተሳቢው ሰጠሁት። ድንጋዮቹ አሁንም ጎማዎቹ ሥር ናቸው፤ ጀልባህ አቧራ ጠጥቷል። የኋላ ማርሽ አስገባሁ።

መዳፍህ ላሜራውን ሁለት ጊዜ መታው።

«ና… ና… ና…»

መጣሁ። አልቸኮልኩም። በመስታወት አላየሁም። ጎማው ጠጠሩን ሲፈጨው ይሰማኛል። ከዚያ፣ በናፍጣው ጩኸት ውስጥ ጥርት ብሎ፣ ያች ቃል መጣች።

ፍሬን ያዝኩ። እዚያው። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ወርጄ፣ ሜትሬን ዘረጋሁ። ከመንጠቆው እስከ ተሳቢው አፍንጫ አርባ ስድስት ሴንቲሜትር ቀርቷል።

አልሞላሁትም። መኪናው እዚያው ቆሟል፤ ባለቤትህ እስክትጠራኝ እዚያው ይቆማል። ሐይቁን ማየት ከፈለገች የምወስዳት እኔ ነኝ፤ ካልፈለገች ቁልፉ የእሷ ነው። ከኋላ ቆሞ የሚመራኝም ሰው ቢገኝ፣ አንድ ክንድም ይሁን አንድ እርምጃ ቀድሞ ይጥራ፣ የምቆመው እሱ ባለበት ነው።

በቃ ብለሃል፤ ሰምቻለሁ።

ታላቅህ፣
ጋሽ አይበቃም