ሣጥን ቁጥር አሥራ ሰባት

ለማከብርህና ለምትናፍቀኝ ወንድም ጋሼ፣

እንዴት ሰነበትክ? እመጫቷስ እንዴት ሆነች፣ ቁስሏ ደረቀላት? እማማስ ጉልበቷ ተሻላት? ትልቋ ልጅህ ወንድም መጣብኝ ብላ እንዳኮረፈች ነው ወይስ ታረቁ? ከሁሉም ከሁሉም ያ ያለ ጊዜው የመጣው እንግዳችን ክብደት ጨመረ? ሰላምታውን እንደ ወጉ ላበዛው ነበር፤ የምነግርህ ነገር ግን አላስቆየኝም። እኔ በአካል ደህና ነኝ።

ማክሰኞ ደውዬ፣ ሰላም እንኳ ሳልልህ ልጁን ከማሞቂያ ሣጥኑ አስወጡት ብዬ መጮኼ ሳያስደነግጥህ አልቀረም። ማሽኑ ተበላሽቷል አልኩህና ዘጋሁት። ማን እንዳበላሸው አልነገርኩህም። ይህን የምጽፍልህ ለዚሁ ነው።

ሥራችን እንዲህ ነው። በሣጥኑ ሆድ ውስጥ ሙቀቱን የሚቆጣጠር፣ ከጥፍር የማይበልጥ ቺፕ አለ። ትእዛዙን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ያውም ጠረጴዛዬ ላይ ባለው ኮምፒውተር። የጻፍኩትን ቺፑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር የሚባል ፕሮግራም ነው። እሱ ታዲያ ለየትኛው ቺፕ እንደሚተረጉም እኔ ካልነገርኩት አያውቅም፤ የነገርኩትን አምኖ ይተረጉማል። የቺፑ ዓይነት የሚጻፍበት አንድ መስመር ነው፣ በቃ።

የመጀመሪያዎቹ ሃያ ሣጥኖች የተሠሩት በአሮጌው ቺፕ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉት እንደ ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት ያለውን፣ ነጥብ ያለውን ቁጥር ራሱ ማስላት የሚችለው አዲሱ ቺፕ አላቸው፤ አሮጌው ይህን የስሌት ትእዛዝ አያውቀውም። ሁለቱ በመልክ መንታ ናቸው፤ የሚለዩት ከላያቸው ላይ በተጻፈው የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ጉደኛዋ ባለፈው ወር ፕሮግራሙን ሳድስ የአዲሱን ዓይነት ጻፍኩና በሁሉም ሣጥኖች ላይ እንዲጫን ላክሁት፤ ተጭኖ ያለቀው ግን ገና ሰኞ ማታ ነው። አልሞከርሽም ወይ ትለኝ ይሆናል። ሞክሬዋለሁ! ግን ጠረጴዛዬ ላይ ባለው፣ በአዲሱ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በያጃችን፣ መነጽር ደርበው ስለሚያደርጉ አራት ዓይን የምንላቸው ሽማግሌ፣ ለጥገና በመጣ አሮጌ ሣጥን የሙቀት መለኪያ ላይ በፀጉር ማድረቂያ ሙቅ አየር ነፉበት። ሣጥኑ በሥርዓቱ ማሞቂያውን መቀነስ ነበረበት። ምን ያህል እንደሚቀንስ ማስላት ሲጀምር ግን የማያውቀው ትእዛዝ ገጠመውና ቀጥ አለ። ማሞቂያው አልጠፋም፤ እንደበራ ቀረ። አራት ዓይን በአጉሊ መነጽር የቺፑን ቁጥር አነበቡና፣ ልጄ፣ ለዚህኛው አልጻፍሽለትም አሉኝ በቀስታ።

ወዲያው መልእክትህ ትዝ አለኝ። ልጃችን የተኛበት ሣጥን የመሥሪያ ቤትሽ ስም አለበት፣ ቁጥሩም አሥራ ሰባት ነው ብለህ እንዴት ኮርተህብኝ ነበር! አሥራ ሰባት! ሌሎቹ ለየሆስፒታሉ ሲደውሉ እኔ ላንተ ደወልኩ። አንተ ደግሞ ነርሷ ከጠዋት ጀምሮ የሣጥኑ የሙቀት ቁጥር አልንቀሳቀስ ብሏት፣ ልጁን በየአሥር ደቂቃው በቴርሞሜትር እየለካች፣ የሣጥኑን መስኮት ስትከፍትና ስትዘጋ መዋሏን ነገርከኝ። ወይኔ ወንድም ጋሼ! ሰው እኮ ናት፤ አንዴ ለሌላ ሕፃን ተጠርታ ብትዘገይስ ኖሮ?

አሁን ሃያዎቹም ተሰብስበዋል። ፕሮግራሙም መጀመሪያ የቺፑን ቁጥር አንብቦ፣ ካልገጠመው አልነሳም እንዲል አድርጌዋለሁ። አለቃችን ሪፖርቱ ላይ የመብራት መዋዠቅ ነው እንበል ብሎኝ ነበር። እምቢ ብዬ የራሴን ስም ጻፍኩ። ለማላውቀው ሰው ስሜን ጽፌ ላንተ ልደብቅ? ያበላሸሁት እኔ እህትህ ነኝ።

እማማን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ይህን ግን ቀስ ብለህ ንገራት። ትልቋን ጉንጯን ሳምልኝ። ነርሷን እጇን ሳምልኝ፣ ባለውለታዬ ናት። እመጫቷን ግን ሳምልኝ ብላለች አትበላት፤ መጀመሪያ ደብዳቤውን ራሷ ታንብበው።

ለልጁ ስም አንቺ አውጪለት ብላችሁኝ ነበር። መርጬለታለሁ፤ እዚህ ግን አልጻፍኩትም። ይህን ሁሉ አንብባችሁም አሁንም እኔው እንዳወጣለት ከፈለጋችሁ ላኩብኝ። ካልሆነም ሌላ ሰው ያውጣለት፣ አልቀየምም።

እህትህ
ከሥራ ቦታዬ፣ ከሙከራው ክፍል
ኅዳር 12 ቀን