የአባባ መኪና ሞተር ተቀየረላት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣ ድሬዳዋ

አሰላሙ አለይኩም ወንድምዓለም። ጤናህ፣ የልጆችህ ጤና፣ የባለቤትህ ወገብ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ባሕር ዳር ዝናቡ ገና አልቆመም፤ ጣና ሞልቶ የጓሯችን ጫፍ ደርሷል።

ጎረቤታችን እትዬ አገርነሽ ታመው ነበር። አትደንግጥ፣ አሁን ተሽሏቸዋል። ልጃቸው ሲና ከማክሰኝት መንታዎቿን ይዛ መጥታ እያስታመመቻቸው ነው። ሁለቱ ሕፃናት ተራ ገብተው ሲያለቅሱ እትዬ «በሽታው ይሻለኝ ነበር» ይላሉ።

የታመሙ ዕለት ግን እንዲህ ሆነ። ቀትር ላይ ነው፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል፣ እትዬ አጥራችንን ተደግፈው ትንፋሽ አጠራቸው። ባጃጅ ፍለጋ መንገድ ወጣሁ፣ አንድም የለም። ስመለስ ማንጎው ሥር የቆመችውን የአባባን መኪና በጣታቸው እያሳዩ «ይቺ ለጌጥ ናት እንዴ?» አሉኝ። ትንፋሽ አጥሯቸው እንኳ ነገር አያጥራቸውም። ደግነቱ አንድ ባጃጅ ተገኘና ሆስፒታል ደረስን። ንግግራቸው ግን ከሆዴ አልወጣ አለ።

ስለዚች መኪና በስልክ ባነሳሁብህ ቁጥር ኔትወርክ ይጠፋብሃል። ለዚህ ነው የምጽፍልህ፤ ወረቀት ኔትወርክ አይጠፋበትም።

ሞተሯን አስቀየርሁ። አዎ፣ አባባ ለጁምዓ ብቻ ያወጧት የነበረችውን ያችን ባለ ሁለት በር የጣሊያን ስፖርት መኪና የኮሮላ ሞተር አስገባሁባት። ሠሪው አምሐ ይባላል፣ ጠጉሩ የሸበተ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። መጀመሪያ እንቢ ብሎኝ ነበር። ደረቷ ጠባብ ነው፣ አይገባም አለ። የራሷን ዓይነት ፈልግልኝ ስለው ደግሞ ዕቃው ከምድር ጠፍቷል አለ። በመጨረሻ የሞተሩን ማሰሪያዎች ቆርጦ እንደገና አስበየዳቸው። ካምቢዮውንም አብሮ ከኮሮላው አመጣው፤ የማርሹ እጀታ ከቀዳዳው ወደ ኋላ ቢቀርበት ወለሉን ቆረጠላት። ዶሮዎቼ ከኋላ ወንበር ሲባረሩ ያደረጉትን ግርግር ብታይ ትስቅ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

አምሐ አሮጌውን ሞተር ሊያወጣ መጀመሪያ ራዲያተሩን ፈታ። የላይኛውን ቱቦ ሲነቅለው ጥቁር ጠጉር የመሰለ ነገር ከደረቀ ጭቃ ጋር ተጠቅልሎ ወጣ። በጣቱ ፈተሸውና «ይሄ የሐይቁ አረም፣ የእምቦጭ ሥር ነው» አለኝ። መኪናዋ ውሃ አንሷት ሳይሆን ሥሩ ዘግቷት ነው ሞተሯ የተቃጠለው አለ። የሐይቅ ውሃ ማን እንደሞላባትም ጠየቀኝ።

ያን ቀን አትረሳውም። አባባ ወረታ ሱቃቸው ውስጥ ደረታቸውን አመማቸው ተብሎ ተደወለና ልታመጣቸው ስትጣደፍ፣ ራዲያተሩን ሙዪልኝ ብለኸኝ መድኃኒታቸውን ፍለጋ ወደ ቤት ገባህ። ቧንቧው ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ለልብስ አጠባ ብዬ ከሐይቁ የቀዳሁት ጀሪካን ነበረ፤ እሱን ገለበጥሁበት። ስትወጣ ጀሪካኑ እጄ ላይ ነው። ሞላ ወይ ብትለኝ እስከ አፉ አልሁህ። ኮፈኑን የዘጋኸው አንተ ነህ። ስትመለሱ ሐሙሲት ላይ መኪናዋ ጨሳ ስትቆምብህ፣ አባባ እቅፍህ ውስጥ ሲያልፉ፣ እኔ እዚህ ሾርባቸውን እየሠራሁ ነበር።

ለቅሶው ላይ አጎታችን ሐጂ ሙሀመድዘይን ውሃውን አይተህ ነበር ወይ ብለው በሰው ፊት ሲጠይቁህ፣ የሻይ ትሪ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «ሳላይ ወጣሁ» አልህ። «ለአንድ ጣሳ ውሃ አባቱን የሸጠ» አሉህ። አንገትህን ደፋህ እንጂ ወደ እኔ አልዞርህም። በሳምንቱ ሻንጣህን ያዝህ። ለምን እንደዚያ እንዳልህ ሰባት ዓመት ሙሉ አልጠየቅሁህም። አሁንም አልጠይቅህም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ብቻ፣ ወንድሜ።

አምሐ ሥሩን ሊጥለው ሲል ተቀብየው በጋዜጣ ጠቀለልሁትና ሐጂ ዘንድ ሄድሁ። ፊታቸው ፈትቼ ጀሪካኑንም፣ ያልሁህንም፣ ዝም ማለቴንም ሁሉ ነገርኋቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም። ሥሩን ሲያገላብጡ ቆዩና መነጽራቸውን አውልቀው «ሂጂ ልጄ» አሉኝ። ከዚያ አምስት ቀን ድምፃቸው ጠፋ።

በዚህ መሀል ሞተሩ ተነሳ። እንደ ድሮዋ አታገሳም፤ ድምፅዋ ለስልሶ ጉልበቷ ግን ብሷል። እትዬ አገርነሽን ከፊት አስቀምጠን አምሐ እስከ ዓባይ ድልድይ ነድቶ መለሰን። እትዬ ሲወርዱ እጁን ያዝ አድርገው የእሳቸውንም ልብ እንዲቀይርላቸው ለመኑት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የአዲሱ ሞተር ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። ሊብሬው ደግሞ እስከ ዛሬ በአባባ ስም ነው። ሁለታችን ወራሾች ቀርበን እንድንፈርም፣ ሩቅ ያለው ግን ውክልና ቢልክም እንደሚሆን ትራንስፖርት ቢሮ ነገሩኝ።

ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ ሐጂ በከዘራቸው እየተደገፉ መጡ። ቤት ግቡ ብላቸው እንቢ ብለው መኪናዋን ከፈቱና አባባ ያን ቀን በተቀመጡበት ወንበር ተቀመጡ። ሻይ ባቀርብላቸው በእጃቸው ይዘው አቀዘቀዙት። ስለ ፊርማው አወራኋቸውና ውክልና እንድትልክ ልጽፍልህ መሆኑን ነገርኋቸው።

«ውክልና የሚባል እንዳትጽፊ» አሉኝ። «ራሱ ይምጣ። በሰው ፊት የጣልሁትን በሰው ፊት ነው የማነሳው።»

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ፣ ዐይንህን ለማየት ያድርሰኝ።

ታላቅ እህትህ