የመዝጋቢው ምዕራፍ

ውድ እህቴ፣ ውድ ተራኪያችን፣

የላክሽው ጥቅል ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደረሰኝ። አንድ ደንበኛ ዚፕ እያማረጠ ስለነበር ወዲያው አልከፈትኩትም። ሰውየው በግራጫውና በጥቁሩ መካከል ሲዋልል እኔ ዓይኔ ጥቅሉ ላይ ነበር። በመጨረሻ "ሁለቱንም ውሰድና ቤትህ ሆነህ ወስን፤ ያልፈለግኸውን ትመልስልኛለህ" ብዬ ሸኘሁት። እኔ ደንበኛ እንዲህ አድርጌ ሸኝቼ አላውቅም። ምን ያህል እንደቸኮልኩ ከዚህ ገምቺ።

ከጽሑፉ ጋር ያያዝሽውን ማስታወሻም አነበብኩ። አርታኢሽ ሰባተኛው ምዕራፍ ይውጣ ብሏል። "አስፈሪ ልቦለድ ከሆነ ያስፈራ፣ አስቂኝ ከሆነ ያስቅ፤ ሁለቱን አንድ ድስት ውስጥ አትጨምሪ" ብሎሻል፤ መልስሽንም እስከ ሐሙስ ይጠብቃል። አንቺ ደግሞ "ቀልዱ ያንተ ስለሆነ ፍርዱም ያንተ ይሁን፤ አውጪው ካልከኝ አወጣዋለሁ" ብለሽ ጣጣውን ለእኔ አሸክመሽኛል። ምዕራፉ ከወጣ ከስምንተኛው ጀምሮ ያለው ሁሉ እንደሚናድ ሁለታችንም እናውቃለን። አራት ዓመት የለፋሽበት መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ሁለት ቀን አሰብኩበት፣ የድሮ ማስታወሻ ደብተሬን አገላበጥኩ፣ እማዬንም አስፈቀድኩ። ለምን ማስፈቀድ እንዳስፈለገኝ ወደታች ስትወርጂ ይገባሻል።

አርታኢሽ ከሱቁ ጀርባ ያለችውን ክፍል አላያትም። የገበር ጨርቅ ጥቅሎች ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙባት፣ እሑድ ከሰዓት መቁረጫ ጠረጴዛውን ጠርገን የምንቀመጥባት። አንቺ ከራስጌ፣ እማዬ በቀኝሽ፣ መቀስ የምንለው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ከእማዬ ፊት ለፊት፣ እኔ በሩ አጠገብ፣ ምናልባት ሰው ቢያንኳኳ ብዬ። ጨዋታውን ከማተሚያ ቤት ባልደረቦችሽ ተምረሽ ስታመጪው የልጆች ነገር መስሎኝ ነበር። አንዱ የሌለ ዓለም ፈጥሮ ይተርካል፤ ሌሎቹ ሰው ሆነው ይገቡበታል፤ የሚያደርጉትን ይናገራሉ፤ መሳካት አለመሳካቱን የሚወረወር ዳይስ ይወስናል። በቃ፣ ይኸው ነው። ለሰዎቻችን ምልክት ከመደርደሪያዬ የሸሚዝ ቁልፎች መረጥን። መቀስ ሌባ ሆነ። እኔ ነጋዴ ልሁን ስል "እዚህም?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። እማዬ በስልሳ አራት ዓመቷ ብረት ለባሽ ፈረሰኛ ሆነች።

የመጀመሪያውን ዘንዶ ታስታውሻለሽ? ለሳምንት ያህል ተዘጋጅተሽ፣ ክንፉን፣ ጥርሱን፣ የሚተፋውን ጭስ ሳይቀር ጽፈሽ መጣሽ። እማዬ አዳምጣ ስትጨርስ "ለመሆኑ ልጅ አለው?" አለች። ጨነቀሽና "አለው" አልሻት።

"እንግዲያው ለዛሬ ይለፍ።"

"እትዬ፣ እኔን ሊበላኝ እኮ ነው!" አለ መቀስ።

"አንተ ልጅ የለህም" አለችው፣ ፈረሷንም አዞረች።

አንቺ ግን ልብሽ ማስፈራት ላይ ነበር። እኛ እየሳቅን ስናበላሽብሽ ሕግ አወጣሽ። በክር ካርቶን ክዳን ላይ በትልልቁ ጽፈሽ ሰቀልሽው፦ በፍርሃት ሰዓት የሳቀ ዳይሱን ያስረክባል። ያስረከበ የዕለቱ ጨዋታ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መቀስ በስድስት እሑድ አራት ጊዜ አስረከበ። "እህት ዓለም፣ እኔ ስፈራ ነው የሚያስቀኝ፣ ተፈጥሮዬ ነው" ቢልሽ አልራራሽለትም። ካርቶኑ ዛሬም እዚያው ተሰቅሏል፤ ከስሩ መቀስ "ያሳቀስ?" ብሎ ጽፎበታል።

ከዚያ መዝጋቢው መጣ። ከካፖርት ቁልፎቼ ትልቁን ጥቁር መርጠሽ፣ አራቱን ቀዳዳዎች በሰም ደፍነሽ ጠረጴዛው መሃል አስቀመጥሽው። ፊት የለውም አልሽን። ረጅም መዝገብ ተሸክሞ በር ያንኳኳና "ስንት ናችሁ?" ይላል። ቤተሰቡ ቁጥሩን ይነግረዋል፤ ይጽፋል፤ ይሄዳል። በማግስቱ አንድ ሰው ይጎድላል፤ ማን እንደጎደለ ግን የሚያስታውስ የለም፤ ስሙም መልኩም ከሁሉም ራስ ወጥቷል። በዚያች ክፍል ስንት ጭራቅ አሳለፍን፤ ሱቅ ዘግቼ ወደ ቤት ስሄድ ዞር ብዬ ያየሁት ግን በመዝጋቢው ጊዜ ብቻ ነው። ይህንን ለሰው ተናግሬ አላውቅም።

አሁን ወደዚያ እሑድ ልምጣ። ደብተሬ ላይ ያለው ይህ ብቻ ነው፦ "እሑድ። ዝናብ። ጨዋታው ቶሎ ተቋረጠ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እማዬ ሳቀች።" እኔ ዝርዝር እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ዛሬ ዝርዝሩን ልስጥሽ።

መዝጋቢው ካለፈበት ቤት አስገባሽን። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ ተረክሽ። እናት ምሳ ታቀርባለች። ሳህኖቹን ትደረድራለች። ሁሉም ሲቀመጥ አንድ ሳህን ይተርፋል። እናትየው ሳህኑን ታየዋለች። "ይህ የማን ነው?" ትላለች። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ማንም አያውቅም። ሳህኑን ለምን እንዳወጣችው እሷም አታውቅም፤ እጇ ግን ያውቃል። ይህን ስትጨርሺ በር አንኳኳሽ፤ በጣትሽ ጠረጴዛውን ሦስት ጊዜ መታሽ። "ስንት ናችሁ?" አልሽ። መልስ የመስጠት ተራው የእማዬ ነበር።

የማታውቂው ነገር ይህ ነው። አባባ ካረፈ ያኔ ሰባተኛ ወሩ ነበር። አንቺ ማተሚያ ቤቱ አጠገብ ተከራይተሽ ትኖሪ ስለነበር እሑድ የምትደርሺው ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ ነው። እማዬ በእነዚያ ሰባት ወራት በየቀኑ ሦስት ሳህን ታወጣ ነበር። አንድ ለእኔ፣ አንድ ለራሷ፣ አንድ ደግሞ ትንሽ ቆማ ታየውና ወደ መደርደሪያው ትመልሰዋለች። እኔም መዳፌን እያየሁ ያላየሁ እመስል ነበር። አንቺ ሳታውቂው፣ ከጭንቅላትሽ አውጥተሽ፣ ያንን ሳህን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሽው።

እጇን አየሁት። ዳይሱን እንደጨበጠ ቆሟል። አንቺ ግን መልሷን እየጠበቅሽ ታያታለሽ፤ ትረካው ስለሠመረልሽ ኩራት ፊትሽ ላይ አለ፤ ሊኖርም ይገባል፣ ካዳመጥኩት ሁሉ ከዚያ የሚበልጥ የለም። ጨዋታውን ማስቆም ነበረብኝ። "ይቁም" ብል ለምን ትዪኛለሽ፤ ምክንያቱን እሷ ፊት መናገር አልችልም። በእጄ ያለው ሕግሽ ብቻ ነበር። ሁላችንም ከሳቅን የሚጫወት አይኖርም።

ስለዚህ "ነጋዴው በሩን ይከፍታል" አልኩ። "የማን ሠራተኛ ነህ? የፈቃድ ወረቀትህን አሳየኝ።"

አንቺ በመዝጋቢው ድምፅ፦ "እኔ ፈቃድ አያስፈልገኝም።"

"ማህተም የሌለው መዝገብ እዚህ ቤት አይሠራም። ሰኞ ተመለስ።"

"ፎቶ ኮፒውንም ይዘህ!" አለ መቀስ፣ እኔም ሳቅሁ፣ እሱማ ቀድሞኝ ጀምሮ ነበር። የሁለታችንንም ዳይስ ነጠቅሽን። እንዴት አድርገሽ እንዳየሽኝ አልረሳውም። እኔ ግን እማዬን ነበር የማየው። ጥቁሩን ቁልፍ ዝቅ ብላ ስታየው ቆየች። ከዚያ፣ ሠላሳ ዓመት መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጣ ባለጉዳይ ስትመልስ በኖረችበት ድምፅ፣ ቀና ሳትል፦

"ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍም ያስፈልጋል" አለችው።

ፊት ለሌለው ፍጡር! መቀስ ከወንበሩ ወደቀ፤ ለአባባል ያህል አይደለም፣ ወድቆ ክርኑን ላጠው። እማዬ ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀች፣ ከሰባት ወር በኋላ። ሳትጠየቅም ዳይሷን ራሷ ገፋ አድርጋ ፊትሽ አኖረችው። ዳይስ የያዘ ሰው አልቀረም። በራስሽ ሕግ ጨዋታው አለቀ። ቁልፎቹን ሰብስበሽ መደርደሪያዬ ላይ ጣልሽ፤ "ይህ ገበያ አይደለም!" አልሽኝና በዝናቡ ወጣሽ። ሦስት እሑድ ቀረሽ። በአራተኛው ስትመጪ ስለዚያ ቀን አላነሳንም፤ አንቺ በኩርፊያ፣ እኔ ደግሞ ያልተጠየቅሁትን አልናገርም በሚል ጠባዬ። ጠባዬ ከዚያ ቀን ሌላ ብዙ አላስከፈለኝም፤ ያንን ቀን ግን ሳልነግርሽ አራት ዓመት መቆየቴ ጥፋት ነው። ይቅር በዪኝ።

አሁን ወደ ምዕራፉ። አርታኢሽ ግማሽ ልክ ነው። እንዳለ ከሆነ አይሠራም። እኔም ሳነበው ፈገግ አልኩና አለፍኩት። ለምን እንደሆነ ለማወቅ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። መጽሐፉ ውስጥ ነጋዴው በመዝጋቢው ላይ የሚያሾፈው መጀመሪያ፣ ገና በሩ ላይ ነው፤ የሳህኑ ታሪክ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንባቢው ገና ያልፈራውን ነገር ነው የሚስቅበት። እኛ ግን ሳህኑን አይተን ነበር የሳቅነው። ቦታቸውን ቀይሪያቸው። ኮት ላይ ገበር የሚገባው በውስጥ በኩል ነው፤ ከውጭ ብትሰፊው ሰው ይስቅብሻል እንጂ አይሞቀውም።

ሁለተኛው፦ የፎቶግራፉን ቃል ለነጋዴው ሰጥተሽዋል። እሱን አልቀበልም። ያልሸጥኩት ዕቃ በስሜ ሲመለስ እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ያልተናገርኩትን ቀልድ በስሜ ስቀበልም ደስ አይለኝም። ለእናትየው መልሺላት። ሳህኑን በእጇ እንደያዘች፣ በሩ ላይ ቆማ፣ እሷ ትበለው። ያኔ አርታኢሽ ይሳቅ ይፍራ እሱ ይወስን፤ አውጪው የሚልሽ ግን አይመስለኝም።

የእኛን ልንገርሽ። እሑድ እሑድ አሁንም እንቀመጣለን፤ አንቺ ርቀሽ ከሄድሽ ወዲህ የሚተርከው መቀስ ነው። ጭራቆቹ ሁሉ ልካቸው ያልሆነ ልብስ ለብሰው ነው የሚመጡት፤ እጅጌው ረዘመ፣ ትከሻው ወረደ እያለ ግማሹን ሰዓት እዚያው ላይ ያቃጥለዋል። ማንም አይፈራም። ደስ ይለናል፤ ቢሆንም አንዳንዴ የምር ብንፈራ እንላለን፣ ያኔ አንቺ ትናፍቂናለሽ።

ትናንት ምሳ ላይ እማዬን "የሳህኑን ነገር ልንገራት?" አልኳት። አልደነገጠችም፤ እንዳየሁ ታውቅ ኖሯል። "ንገራት" አለችኝ። "ግን አስለቃሽ አድርጋ እንዳትጽፈው በላት።" ከዚያ ሰባተኛውን ምዕራፍ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ ቦታውን እኔ እንዳልኩት እየቀያየርኩ። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ተነስታ ሳህኖቹን ሰበሰበች፤ የእሷን፣ የእኔን፤ ሁለት ብቻ ነበሩ። መደርደሪያው ጋ ደርሳ ዞረች።

"ለመሆኑ ያ ሰውዬ ፎቶውን አመጣ?"

"እስካሁን አላመጣም" አልኳት።

"ይሂድ ይፈልግ" አለችና ማጠቢያው ውስጥ ውሃ ለቀቀች።

ጥቁሩን ቁልፍ በፖስታው ውስጥ ታገኚዋለሽ፤ ሰሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተላጧል። ጠረጴዛሽ ላይ አስቀምጪውና ሐሙስ ሳይደርስ ጻፊ። መጽሐፉ ሲወጣ የመጀመሪያውን ቅጂ ለእማዬ ላኪላት፤ እኔ ከመደርደሪያ እገዛዋለሁ።

ወንድምሽ፣ በሩ አጠገብ የሚቀመጠው