«ኑ» ማለት ሥራዬ ነው

ጥቅምት 2፣ ሰኞ። ከሥራ መልስ።

ዛሬም አላለቀም። አቶ ጌታሁን፣ ኃላፊያችን፣ ለባለሀብቶች የምትበተነዋን ወረቀት ሦስተኛ ረቂቅ በቀይ አጨማልቆ መለሰልኝ። «ምቹ» የሚለው ቃል አንሷል አለ። አራት ቦታ እንዳለ ቆጥሬ አሳየሁት። አምስተኛ ጨምሪ አለኝ። ጨመርኩ። ከተማችን መካነ ሰላም (መ/ሰላም) አሁን አምስት ጊዜ ምቹ ናት።

ደብተሬ፣ ላንቺ ልንገርሽ። መታወቂያዬ ላይ የኢንቨስትመንት ባለሙያ ይላል። ሥራዬ ግን በአንድ ቃል «ኑ» ማለት ነው። የድንጋይ ንጣፍ መንገድ አለን፣ ኑ። ሆስፒታል አለን፣ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ባንኩ በየማዕዘኑ ነው፣ ኑ። አየሩ ንጹህ ነው፣ ኑ። ብርዱን አልጻፍኩም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ብሎ መጻፍ ለባለሀብት አይሆንም።

«አስተማማኝ የውሃ አቅርቦት» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ዘይነባ ትዝ አለችኝ። ተማሪ ሳለን ከምንጩ ጀሪካን ተሸክመን ስንመጣ፣ ዳገቱ ላይ «አንቺ ቅደሚ፣ አንቺ ቅደሚ» እየተባባልን። የቀደመችው አናት ላይ ቁጭ ብላ ሌላዋን ትጠብቃለች። ያኔ ቧንቧ ቢኖር ያን ሁሉ ወሬ መቼ እናወራው ነበር? ይህንንም አልጻፍኩም።

ጥቅምት 4፣ ረቡዕ። ምሳ ሰዓት፣ ቢሮ።

ዘይነባ ደወለች!

አንቺ አዲስ ደብተር ነሽ፣ አታውቂያትም። እኔ ከወግዲ መንገድ፣ እሷ ከአቀስታ መንገድ ካለ ገጠር ለትምህርት መጥተን፣ እማማ ጥሩነሽ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተን አራት ዓመት ኖርን። ዓርብ በእግር ወደየቤታችን፣ እሑድ ስንቅ ተሸክመን መልስ። የኔ በሶ፣ የሷ ዳቦ ቆሎ፣ አንድ ላይ ይበላል። በረመዳን እሷ እስክታፈጥር እጠብቃታለሁ፤ በሁዳዴ እሷ ወተቷን ደብቃ ትጠጣልኛለች። ከዚያ እኔ እዚሁ ተቀጠርኩ፣ አገባሁ። እሷ ጂዳ ሄደች። ሃያ አንድ ዓመት።

አሁን ተመልሳለች። ደሴ ወንድሞቿ ጋ ናት። መጨረሻ ላይ ትሠራ የነበረው ስፌት ቤት ነው፤ የራሷን ልትከፍት ነው። የተማሪ ዩኒፎርምና የበግ ጠጉር ሹራብ። ወንድሞቿ ኮምቦልቻ ይሻላል ይላሉ፤ መንገዱ፣ ገበያው። እሷ ግን መጀመሪያ መ/ሰላምን ልይ ብላለች። በሚቀጥለው ሐሙስ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ። አንድ ቀን ብቻ።

ለአቶ ጌታሁን ብነግረው ከወንበሩ ብድግ አለ። ሴት ባለሀብት፣ የአገር ልጅ፣ ከስደት ተመላሽ! ወዲያው ፕሮግራም ይተየብ አለ።

ጥቅምት 8፣ እሑድ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

ልጄ ረድኤት ፓስፖርቷን ትራሷ ሥር አድርጋ ነው የምትተኛው። አንሶላ ስቀይር አገኘሁት። ፎቶው ላይ የአባቷን ግንባር ይዛለች። አባቷ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የቀረችኝ እሷ ናት።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቴክኒክና ሙያ ስፌት ተምራ ከተመረቀች ዓመት ሞላት። ሥራ የለም። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ወደ ዓረብ አገር ሄዱ። ኤጀንሲው ጠብቂ ብሏታል። ትጠብቃለች። እኔም እጠብቃለሁ።

አንድ ቃል አልተናገርኩም። ምን ልበል? ለባለሀብት «የሠለጠነ የሰው ኃይል በብዛት» ብዬ እጽፋለሁ፣ የሠለጠነው የሰው ኃይል ቤቴ ቁጭ ብሎ ስልክ ይጠብቃል። አትሂጂ ብላት ለራሴ ነው የሚመስላት። ምናልባትም ለራሴ ነው። እናቴ «ዝም አይነቅዝም» ትል ነበር። በዚህች ቃሏ ኖርኩ።

ግን ዘይነባ እዚህ ከከፈተች... ልጄ ስፌት ትችላለች። ይኸው፣ ጻፍኩት። ሐሙስን እንዲህ የምጓጓለት ለከተማው ብቻ አይደለም። ደብተሬ፣ አታሳጪኝ።

ጥቅምት 11፣ ረቡዕ። 12 ሰዓት፣ ማምሻ።

ሁሉ ዝግጁ ነው። ፕሮግራሙ በሁለት ገጽ ታተመ። 3 ሰ. አቀባበል፣ 3፡30 ገለጻ፣ 4፡30 የቦታ ጉብኝት፣ 7 ሰ. ምሳ። በጉን እንኳ የሚያርድላት እስላም ተፈልጎ ተገኝቷል። ይህን ያሰበው አቶ ጌታሁን ነው፤ ሰውዬውን ወደድኩት።

ከቢሮ ስወጣ እማማ ጥሩነሽ ጋ ገባሁ። አልጋ ከያዙ ሁለት ሳምንታቸው። ግቢው እንደነበረ ነው፤ ተማሪ ግን ከተከራየው ቆይቷል፣ አሁን ልጁ ሁሉ አዲሱ ሰፈር ነው የሚያድረው። ስድስቱም ክፍል ባዶ። የኛዋ በር ላይ በሚስማር የጫርነው ስማችን አለ፣ ዝናቡ በልቶታል።

ዘይነባ ነገ ትመጣለች አልኳቸው። ዓይናቸውን ገለጡ። ኩራዜን የሰበረችው እሷ ናት ወይስ አንቺ? አሉኝ። ከስንት ዓመት በኋላ! እኔ ነኝ አልኩ። ሳቁ። «አውቄያለሁ፣ እሷ ብትሆን በማግስቱ ትነግረኝ ነበር» አሉ።

ስንት ተማሪ አለፈ በዚያ ቤት። ዋና ፈተና በደረሰ ቁጥር እማማ ለእያንዳንዳችን አንዳንድ የተቀቀለ እንቁላል ያድሉን ነበር፣ ክርስቲያን እስላም ሳይሉ። ምክር የለ፣ ምርቃት የለ። እንቁላሉን እጃችን ላይ አድርገው «ሂዱ» ብቻ። እኔም ከሳቸው ተማርኩት፤ የምወደው ሰው መንገድ ሲወጣ እንቁላል እቀቅላለሁ።

ጥቅምት 12፣ ሐሙስ። ማታ 1 ሰዓት።

እማማ ጥሩነሽ ሌሊቱን አረፉ።

ንጋት ላይ የቅሬው፣ የእድራችን፣ ጡሩምባ ተነፋ። በኛ ሰፈር የቅሬ ጡሩምባ ሰምቶ የሚቀር የለም። ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ሴቱ ውሃና ንፍሮ ይዞ ልቅሶ ቤት ይገባል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። እኔ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ሄደች። የመሬት ባለሙያው አካፋውን ይዞ ሄደ፤ እሱም የእማማ ተከራይ ነበር። አቶ ጌታሁንስ? ኋላ ቀና ስል፣ በሱፍ ልብሱ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ። ሁሉም ሌላው ቢሮ የቀረ መስሎታል። ለእንግዳዋ አንድ ሰው እንተው ብሎ ያሰበ የለም። ምቹዋ መ/ሰላም ቢሮዋን ቆልፋ ቀብር ወጣች!

4 ሰዓት ላይ ትዝ አለኝ። ነጠላዬን እንዳዘቀዘቅሁ ልሮጥ ስወጣ፣ ከበሩ አንዲት ሴት ጀሪካን ተሸክማ ትገባለች። ጥቁር አባያ፣ መነጽር፣ ወፈር ያለች። ቆመች። እኔም ቆምኩ።

«አንቺ ቅደሚ» አለችኝ።

አለቀስኩ። ለእማማ ያላለቀስኩትን ጭምር እዚያው በር ላይ አለቀስኩ። አቀስታ አድራ በጠዋት መጥታ፣ ከመናኸሪያ ስትወርድ ሰዉ ወደ ልቅሶ ሲጎርፍ አይታ ማነው ብላ ጠየቀች። ከነገሯት በኋላ ቢሮውን አልፈለገችውም። ሻንጣዋን ለጎረቤት ሰጥታ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ወደ ቀብር ስንወጣ የሚያውቋት ሴቶች «አንቺ ልጅ፣ መጣሽ?» እያሉ ትከሻዋን ይዳስሳሉ።

የምሳው በግ ልቅሶ ቤት ተወሰደ። እስላሞቹ በሉት፣ እኛ ንፍሮ ቆረጠምን። አቶ ጌታሁን ጥግ ይዞ፣ በሁለት እጁ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ዘይነባ ሄዳ «አብሽር ወንድሜ፣ ገለጻው ነገም ይደርሳል» አለችው። ቀና ብሎ አላያትም።

ረድኤትም ነበረች፣ ሰሃን ስታጥብ። ከዘይነባ ጋር ሲያወሩ አየሁ። ረጅም ወሬ።

ጥቅምት 13፣ ዓርብ። ከሰዓት በኋላ።

ሁሉን አየች። የተከለለውን ቦታ፣ ትራንስፎርመሩን፣ ሆስፒታሉን። ገለጻውን ሰማች፣ አምስቱንም ምቹ። ጥያቄዎቿ ግን ከወረቀቱ ውጪ ነበሩ። መብራት በሳምንት ስንቴ ይጠፋል? ጠጉሩ ከአቀስታ በምን ይመጣል? አቶ ጌታሁን መብራቱን ሊያሳምር ሲል እግሩን ረገጥኩት። እውነቱን ነገርናት። ጻፈች።

ከዚያ ሁለታችን ወደ እማማ ግቢ ወረድን። የኛ ክፍል ደፍ ላይ ተቀመጥን። ስለ ረድኤት አነሳች። ልጄ ፓስፖርቱን ነግራታለች። በወረቀትሽ ኑ ትያለሽ፣ የራስሽ ልጅ ግን ልትሄድ ነው፣ ማንን ልመን? አለችኝ። በቁጣ አይደለም። አላልኳትም፣ አትሂጂ አላልኳትም አልኩ።

ሳቀች፣ ደስ የማይል ሳቅ። ከዚያ የሄደችበትን ጠዋት አነሳችው። አውቶቡሱ ሞተር አስነስቶ እኔ መስኮቱ ሥር ቆሜ። በጨርቅ የጠቀለልኩትን እንቁላል አቀበልኳት። ምን እንዳልኳት ታስታውሳለች። «ሳይቀዘቅዝ ብዪው» ነው ያልኳት።

«እስከ አቀስታ እጄ ላይ ይዤው ሄድኩ፣ አልበላሁትም። ዓለሜ፣ ወላሂ፣ አትሂጂ ብትይኝ እወርድ ነበር። ሻንጣዬ እግሬ ሥር ነበር።»

ልትወቅሰኝ እንዳልሆነ ነገረችኝ። ወንድሞቿን አስተምራለች፣ ለእናቷ ቤት ሠርታለች፣ አልቆጨኝም አለች። ግን አንድ ሰው እንዲላት ፈልጋ ነበር። ለመቅረት ባይሆን እንኳ፣ የሚፈልጋት ሰው እንዳለ አውቃ ለመሄድ።

ያን ቀን ልላት አፌ ላይ ነበር፣ ደብተሬ። አንቺ ትሄጃለሽ እኔ ከማን ጋር አወራለሁ፣ ልላት ነበር። እንቁላሉን ሰጠኋት።

ጥቅምት 15፣ እሑድ።

ዘይነባ ወሰነች። መ/ሰላም ትገባለች። የተከለለውን ቦታ አልወሰደችም፤ ለጊዜው ይበዛብኛል አለች። የእማማን ወራሽ አነጋግራ ስድስቱን ክፍሎች ተከራየች። በስድስት የስፌት መኪና ትጀምራለች። አቶ ጌታሁን «በጥቃቅን ደረጃ ነው» ብሎ ትንሽ ከፋው፣ ቆይቶ ለሪፖርቱ ይሆናል ብሎ ተጽናና።

ለምን መ/ሰላም? አልኳት። ጠጉሩ ቅርብ ነው፣ ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ስፌት የተማሩ ልጆች አሉ አለች። ስለ ቅሬው ምንም አላነሳችም። ግን ከመሄዷ በፊት የቅሬውን ዳኛ ቤት ጠይቃ ስሟን አስጻፈች።

ረድኤትን ለብቻዋ አነጋገረቻት። ደሞዙ የዓረብ አገሩን እንደማያህል ነግራታለች። ስለ ጂዳም ሁሉን፣ ክፉውንም ደጉንም። አልለምንሽም፣ አንዷ መኪና እስከ ሳምንት ድረስ ባዶዋን ትጠብቅሻለች ብላታለች። ረድኤት ወደ ቤት መጥታ ዝም አለች። የኔው ልጅ ናት።

11 ሰዓት ላይ ኤጀንሲው ደወለ። ማክሰኞ ደሴ ድረሺ። ቪዛው ወጥቷል።

ጥቅምት 16፣ ሰኞ።

ቢሮ ዋልኩ፣ የሠራሁት የለም። ወረቀቱ ላይ «ኑ» የሚለውን አየሁት። ለማላውቀው ሰው ሁሉ ስል የኖርኩት ቃል።

ማታ ለረድኤት ዳቦ ቆሎ ጠበስኩላት። ሻንጣዋን ስታስር አየችኝ። ምን ትያለሽ እማ? አለችኝ፣ ፊቷን ወደ ሻንጣው አድርጋ። ዳቦ ቆሎው እንዳያርርብኝ አልኩ። ወጥቼ ማድቤት ቆምኩ። ምን ዓይነት እናት ነኝ?

ዝም አይነቅዝም ውሸት ነው። የኔ ነቅዟል፣ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ።

ጥቅምት 17፣ ማክሰኞ። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል።

አውቶቡሱ 12 ሰዓት ይነሳል። እሷ ፊቷን እየታጠበች ነው፣ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ሳላስበው እንቁላል ቀቅያለሁ። ጨርቁንም አዘጋጅቻለሁ፣ ጠቅልዬዋለሁ፣ ይኸው አንቺን ስጽፍ እጄን ያሞቀኛል። እጄ ራሱ ነው የሠራው፣ ደብተሬ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም።

ልትሄድ ትችላለች። ሰምታም ልትሄድ ትችላለች፣ ያ የሷ ነው። አትሂጂ የምላት ለራሴ ነው፣ ለራሴ መሆኑንም እነግራታለሁ።

ውሃው ቆመ። ሻንጣው ተነሳ። እንቁላሉን እዚህ ጠረጴዛው ላይ፣ አንቺ ጋ ትቼው ባዶ እጄን ወደ በሩ ልሄድ ነው።