የአባባ ኢንቴል

ወንድምዓለም፣ ከደብዳቤዬ ቀድሞ ናፍቆቴ ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ሁላችንም አለን።

የአባባ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ እንደ ድሮው ባይሆንም ላፕቶፕ ምረጡልኝ የሚል ደንበኛ አላጣም። «ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ቢሆን ይሻላል ኤኤምዲ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የአባባን ስብከት ሳይሰማ መቼ ይወጣ ነበር? አንተ ኤኤምዲ የገዛህ ጊዜማ «ለካ ባንዳ ነው የወለድኩት!» ብለው ስንት ጊዜ አኮረፉህ።

ባለፈው ከገበያ ስመለስ የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ኢንቴል ማዘርቦርድ ላይ ሊገጥሙ ሲታገሉ አገኘኋቸው። የአንዱ ለሌላው እንደማይሆን ያስተማሩን እኮ እሳቸው ናቸው። አልገባ ሲላቸው በአውራ ጣታቸው ተጫኑትና ቀጫጭን እግሮቹ፣ ፒኖቹ፣ ተጣመሙ። «መነጽሬ ነው» አሉኝ። መነጽሩን አስቀየርንላቸው፤ አሁን ጋዜጣ ጥርት አድርገው ያነባሉ። ካቻቪቴውን ግን እኔ ይዤዋለሁ፤ እሳቸው ደንበኛ ያናግራሉ።

ትናንት አንዲት ተማሪ መጥታ ያንኑ የተለመደውን ጠየቀች። ስብከቱ ረጅም ነው ብዬ ወንበር ሳብኩላት። አባባ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እኛ የምንወደው የትኛውን ነበር?» አሉኝ።

«ኢንቴልን ነዋ!» አልኩና ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ልጅቷም ኢንቴሉን ይዛ ሄደች።

እና ስትደውል ስለ ጤና ምናምን አትጠይቃቸው። እንደ ልማድህ ኢንቴልን ስደብላቸው። ይቆጡህ፣ ያኩርፉህ፣ ግድ የለም። ደግሞ ቶሎ ቶሎ ደውል።

ሳንረሳሳ ያገናኘን።

እህትህ